የብዙ ቤት ሙያ በአንድ መጥበሻ

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ላይ ያሰባሰበን ዕጣ ነው። ከመርካቶ የመጣ አለ፣ ከቂርቆስ የመጣ አለ፣ ከልደታም የመጣ አለ። በድሮው ሰፈራችን ለሱሑር በር አንኳኩቶ የሚቀሰቅስ፣ ለኢፍጣር ሳህን የሚልክ ጎረቤት ነበረን። እዚህ ስንገባ ያ ቀረ፤ የመጀመሪያውን ረመዳን ብዙዎቻችን በየቤታችን ብቻችንን አሳለፍነው። የቀረውን መልሶ ያመጣልን እንቁላል ፍርፍር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለሱሑር እንቁላል የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሎ ይደርሳል፤ የፈጅር አዛን ደግሞ አይጠብቅም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው ከሻይና ከነጭ ዳቦ ይልቅ ሆድ ይይዛል። ዋጋው ግን እንደ ድሮው አይደለም። አራት እንቁላል ለስድስት ሰው ማብቃት ሙያ ይጠይቃል። ሙያውን ያገኘነው ከጎረቤት ነው።

ከሐረር የመጣችው ጎረቤታችን የተፈጨ አብሽ በውኃ ዘፍዝፋ አረፋ እስኪሆን ትመታና፣ ፍርፍሩ ሲወርድ ከላይ ታደርግበታለች። በአብሽ እንዲህ መጠቀም በየመንም የታወቀ ነው። የስልጤዋ እናት በዘይት ፋንታ ንጥር ቅቤ ታደርጋለች፤ አይብ ነስንሳ ከቆጮ ጋር ታቀርባለች። ጅዳ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰችው እህታችን ይዛ የመጣችው ሻክሹካን ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ከሙን። ቱርኮች ሜነሜን፣ ሕንዶች ቡርጂ የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው።

ዛሬ እነዚህን እያደባለቅን እንሠራለን። ለስድስት ሰው አንድ ትልቅ ሽንኩርት በዘይት እናቁላላለን፤ ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያና ትንሽ ከሙን እንጨምራለን። ቲማቲሙ ውኃውን ሲጨርስ ሁለት የተቀቀለና የተከተፈ ድንች እናስገባለን። በመጨረሻ አራት እንቁላል መትተን እናፈስበትና በደንብ እስኪበስል እናማስላለን። ከእሳት ሲወርድ አብሽ ወይም አይብ፣ ቤቱ እንዳፈራው። ጨውና ሚጥሚጣ ግን ለሱሑር ይቀነስ፤ ቀኑን ሙሉ ያስጠማል።

እንደ 2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንቁላል አይበሉም። ስለዚህ ማታ ለኢፍጣር ስንሠራ፣ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት የእነሱን ድርሻ ከስልሱ እናወጣለን። ቅቤ ባልነካው መጥበሻ፣ በዘይት ብቻ የተሠራ መሆኑን ስለሚያውቁ ሳይጠራጠሩ ይበሉታል። እነሱም የምስር ሾርባ ይልኩልናል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ለጎረቤት እንዲያካፍል አቡ ዘርን መምከራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በእኛ ቤት መረቁን የሚያበዛው ውኃ ድንቹ ነው። የተረፈን ኖሮ ሳይሆን፣ ያለው እንዲዳረስ አስበን እንጨምረዋለን።

በየብሎኩ ልጆቿ ርቀውባት ለብቻዋ ሱሑር የምትበላ እናት፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት አይጠፋም። ነገ ሌሊት አንድ ድንች ጨምሩና በራቸውን አንኳኩ። እናንተ ቤት ምን ይጨመርበታል ብላችሁም ጠይቁ፤ የሚያስተምሯችሁ አታጡም።

ረመዳን ከሪም!