በሙያ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት፦ ከገዳሪፍ ሲታይ

ሰሞኑን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ነርስ ነበርኩ፣ መምህር ነበርኩ፣ በያጅ ነኝ፣ ሁመራ ላይ ትራክተር ስነዳ ኖሬያለሁ፤ ካናዳ ስደተኛን በሙያው ይወስዳል ሲባል ሰማሁ፣ ፎርሙ የት ነው የሚሞላው? የሚሉ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ገንዘብ ተጠይቆ ይክፈል አይክፈል ሊያማክረን ይመጣል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደናል።

ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ በፊት ሪሴትልመንትና የሙያ መንገድ አንድ አለመሆናቸውን እንለይ። ሪሴትልመንት ማንም ተነስቶ የሚያመለክተው ነገር አይደለም። ዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ችግር ያለባቸውን፣ የታመሙትን፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችንና የመሳሰሉትን ለይቶ ለተቀባይ አገሮች ያቀርባል። በሙያ ሲሆን ግን አመልካቹ ራሱ ስደተኛው ነው። ስደተኛ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠየቀው ምን እንደደረሰበት ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ነው። መከራው የቱንም ያህል ቢከብድ ነጥብ አያስጨምርለትም።

ይህ ልዩነት ዛሬ የሚያሳስበን ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ከሱዳን ካምፖችና ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ገብተዋል፤ በዚህ አካባቢ የቆዩ አባቶችና እናቶች ያንን ዘመን ያስታውሱታል። በጃንዋሪ 2025 ግን አሜሪካ የስደተኛ ቅበላ ፕሮግራሟን አገደች። ታዲያ ሰው ሌላ በር ቢያንኳኳ ምን ይገርማል?

በሙያ በኩል በስፋት የሚነሳው የካናዳው ሙከራ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢኤምፒፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀመር በጥቂት ሰዎች ነበር የተሞከረው። ካናዳ ሠራተኛ አጥታለች፣ በካምፕ ውስጥ ደግሞ ሥራ የሚያውቅ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ለምን አይገናኙም? የሚል ሐሳብ ነው። በኬንያ በኩል ሬፉጅፖይንት፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ በኩል ታለንት ቢዮንድ ባውንደሪስ የተባሉ ድርጅቶች ሰዎችን ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኙ ነበር። ኖቫ ስኮሺያ በተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ግሌን ሄቨን ማነር የተባለ የአረጋውያን መጦሪያ በኬንያ ካምፖች የነበሩ ስደተኞችን በተንከባካቢነት ቀጥሯል። ልብ በሉ፣ የተፈለጉት ሐኪሞች አልነበሩም። ሽማግሌ የሚያጥቡ፣ የሚያለብሱና የሚመግቡ ሰዎች ናቸው የተፈለጉት። እኛ ዘንድ ዲግሪ የሌለው ሰው ሙያ የለኝም ብሎ ራሱን ያገላል፤ ቀጣሪዎቹ ግን እንደዚያ አያስቡም።

ሙከራው እያደገ ሄዶ በ2021 መጨረሻ የካናዳ መንግሥት ቁጥሩን ወደ 2,000 ሰው ለማድረስ ወሰነ፤ በ2023 ደግሞ ለዚሁ የተለየ የፌዴራል መስመር ተከፈተ። የማመልከቻና የአሻራ ክፍያ አይጠየቅም ነበር፣ የመንግሥት ብድርም ማግኘት ይቻል ነበር። በሌላው ሕዝብ መስመር ካናዳ ለመግባት የሚያመለክት ባለሙያ፣ የሥራ ቅጥር ከሌለው፣ በ2025 ተመን ለአንድ ነፍስ ብቻ 15,263 የካናዳ ዶላር በባንክ ማሳየት ነበረበት። ራሽን የሚጠብቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። ይህ የፌዴራል መስመር ቀን የተቆረጠለት ነበር። መጀመሪያ በጁን 2025 እንዲያበቃ ተወስኖ ሳለ ተራዝሞ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ መጥቶ የካናዳ የሙያ ፎርም ክፍት ነው፣ ቶሎ በል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ በየትኛው ፖሊሲ፣ እስከ ስንት ቀን? የሚል ይሁን። አውስትራሊያም በ2021 የራሷን የስደተኛ ባለሙያ ሙከራ ጀምራ ነበር፤ እዚያ ግን በሩን የሚከፍተው ቀጣሪው ነው። ቀጣሪ ሳይኖር የሚሞላ ፎርም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው የሚገባው፤ ሰውየው ግን በኢንተርኔት አይገባም። የቋንቋ ፈተናውን በአካል ተቀምጦ ነው የሚፈተነው። አሥሩን ጣቱን በአካል ነው የሚያስነካው። የሕክምና ምርመራውንም አገሩ በፈቀደለት ሐኪም ፊት በአካል ቀርቦ ነው የሚያደርገው። ከዚህ በፊት ይህ ሁሉ ካርቱም ነበር፤ ከገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያኔም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ሱዳን እ.ኤ.አ. የ1951ን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል ስለ ነፃ እንቅስቃሴ የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ አልቀበልም ብላ ነው፤ ተስሪህ ሳይዙ ከካምፕ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ካርቱምን አወደመ፤ ኤምባሲዎች ተዘጉ፣ ፈተናውም ቆመ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ። ያውም ከዚህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገድ ላይ ስንት ኬላ አለ።

የቋንቋ ፈተናው ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አይኤልትስ ነው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። በካናዳ መለኪያ 4ኛ ደረጃ ለመድረስ በማዳመጥ 4.5፣ በማንበብ 3.5፣ በመጻፍና በመናገር 4 ይበቃል። ለተለመደው የባለሙያዎች መስመር የሚጠየቀው 7ኛ ደረጃ ግን በአራቱም 6 ማምጣት ነው። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው በየቀኑ ካጠና 4ኛው ደረጃ የሚደረስበት ነው። በኬንያ ካምፖች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ እዚያ ላሉት ጠቅሟቸዋል፤ እዚህ ግን ዙሪያው ሁሉ ዓረብኛ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ መንገድ ገዳሪፍን ዘሎ ያለፈው እዚህ ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም።

የሚያስቸግረው የፈተናው በር ነው። በሩ ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ የራሽን ካርድ ወይም የስደተኛ መታወቂያ አያስገባም። ጥሩ፣ ኤምባሲ ሄጄ ፓስፖርት ላውጣ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። በስደተኞች ስምምነት 1ኛ አንቀጽ ሐ ፊደል ሥር፣ በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኛነቱ ሊቀር ይችላል። የዩኤንኤችሲአር የአሠራር መጽሐፍም ፓስፖርት ማውጣትንና ማሳደስን፣ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር፣ እንደዚያ ሊቆጥረው ይችላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ለስደተኛ የተከፈተው መስመር ስደተኛ ሁን ይላል፣ ፈተናው ፓስፖርት አምጣ ይላል። መተማን ተሻግሮ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ተፈትኖ መመለስም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

መውጫው ከምኑ ላይ ነው? ስምምነቱ በ28ኛው አንቀጽ ለስደተኛ የጉዞ ሰነድ እንዲሰጥ ይላል፤ የሚሰጠው አስተናጋጁ መንግሥት ነው። ጥያቄው በኮር በኩል በጽሑፍ ይቅረብ፤ የቀረበበትም ቀን ተጽፎ ቅጂው ይቀመጥ። ፓስፖርት ለማውጣት ያሰበ ሰው ከማውጣቱ በፊት ከፕሮቴክሽን ክፍል ጋር ይነጋገር፣ ምክንያቱም በፋይሉ ላይ ይጻፍለት። አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

የሥራ ልምድ ወረቀትም የራሱ ጣጣ አለው። የካናዳን የአትላንቲክ ፕሮግራም እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ኢኤምፒፒ ከተጠቀመባቸው መስመሮች አንዱ ነበር። የሚጠይቀው 1,560 ሰዓት የተከፈለበት ሥራ ነው፤ በሳምንት 30 ሰዓት ለአንድ ዓመት፣ ወይም 15 ሰዓት ለሁለት ዓመት ማለት ነው። ይህም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። እስቲ ቁጠሩት። በኖቬምበር 2020 በሐምዳይት ወንዙን ተሻግሮ ኡም ራኩባ የገባ፣ ወይም በጃንዋሪ 2021 ቱነይድባ የወረደ ሰው፣ ሁመራ የሠራው ሥራ ምንም ያህል ቢሆን 5 ዓመቱ አልፎበታል። 15 ዓመት ያስተማረ መምህር ከዚህ ሕግ ፊት ልምድ የሌለው ሰው ነው! ይህ ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም፤ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው የሚለው።

ስለዚህ የሚቆጠረው እዚሁ ካምፕ ውስጥ የተሠራው ነው። በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት፣ በውሃ ክፍል በኢንሴንቲቭ የሠራችሁ ሁሉ ድርጅቱ ከመውጣቱ በፊት ደብዳቤ ጠይቁ፤ ብዙ ድርጅት በጀት አለቀ ብሎ ጓዙን ሲጠቀልል አይተናል። “በትጋት አገልግሏል” የሚል የምስጋና ወረቀት ብቻውን አይረባም። የሥራው መጠሪያ፣ በየቀኑ ምን ትሠሩ እንደነበር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ክፍያው ስንት እንደነበር ተጽፎ፣ የፈረመው ሰው ስምና አድራሻ ይኑርበት። የራሱን ሻይ ቤት ወይም የልብስ ስፌት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ግን በዚያ ፕሮግራም ሰዓቱ አይቆጠርለትም፤ ለሌላ ቀጣሪ የተሠራ መሆን አለበት።

የትምህርት ማስረጃም ያው ነው። ገምጋሚው መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ትራንስክሪፕቱን እንዲልክለት ነው። ከመቀሌ የተመረቁት በጦርነቱ ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ሳለ ይህን ማድረግ አልቻሉም። ከኦገስት 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር ጎንደርና ባሕር ዳር የተማሩትን ያው ችግር አገኛቸው። መስመር በተገኘ ጊዜ ዘመድ ልኮ ማስጠየቅ ይበጃል። በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ከካምፕ ውጭ ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። የክረምት ዝናብና የራኩባ እሳት ስንት ዲፕሎማ እንደበላ እናውቃለን።

ስለ ደላሎች ብዙ አንልም። የዩኤንኤችሲአርና የኮር አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው። የታለንት ቢዮንድ ባውንደሪስ የሙያ መዝገብም ስም ለማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም፤ መዝገቡ ግን ቀጣሪ የሚያይበት ዝርዝር እንጂ ቪዛ አይደለም። የአይኤልትስ ክፍያ የእውነት ክፍያ ነው፤ እሱም የሚከፈለው ለፈታኙ ተቋም እንጂ ገበያ ውስጥ ላገኛችሁት ሰው አይደለም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ደላላው ብዙ ጊዜ የምናውቀው የአገር ልጅ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ፣ በብዙዎች ዘንድ ስለሚሠራ አንድ ነገር። ፎርም ሲሞላ ቤተሰብ ከበዛ ይከለክሉኛል ብሎ ሚስቱን ወይም ልጁን የሚያስቀር ሰው አለ። በካናዳ ደንብ በማመልከቻው ላይ ያልተጻፈና ያልተመረመረ የቤተሰብ አባልን በኋላ በቤተሰብ መስመር ለማስመጣት ሲሞከር ማመልከቻው ውድቅ የሚሆንበት አንቀጽ አለ። አብሮ የማይሄድ ልጅም ቢሆን፣ ከሌላ እናት የተወለደም ቢሆን፣ አገር ቤት የቀረም ቢሆን ይጻፍ። ፎርሙ ከገባ በኋላ የተወለደ ሕፃንም ከጉዞው በፊት ለቢሮው መነገር አለበት፤ እዚህም በቤተሰብ ካርዱ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ።