ሻወር ውኃ ለምን ያቁራል?

ጠዋት ወደ ክፍል የሚጣደፍ ተማሪ ገላውን ሲታጠብ፣ ሳሙናውን ሳያለቀልቅ በወለሉ ላይ የቆመው ውኃ ቁርጭምጭሚቱ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ጠንካራ ኬሚካል ገዝተን ወደ መውረጃው መድፋትን ነው። ይሁን እንጂ ችግሩ በአብዛኛው ፊዚክሳዊ ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ። በኬሚካል ላይ የሚደረገው ጥድፊያ ግን ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ለመሆኑ መውረጃውን የሚዘጋው ምንድን ነው? በአብዛኛው ፀጉር ነው። ከራስ የረገፈ ፀጉር በመውረጃው አፍና በቱቦው መታጠፊያ ላይ ይጠላለፋል። ሳሙና ደግሞ በውኃ ውስጥ ካሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ሲዋሐድ በውኃ የማይሟሟ ነጣ ያለ ዝቃጭ ይፈጥራል። ይህ ዝቃጭ ከሰውነት ቅባት ጋር በፀጉሩ ላይ እየተለጠፈ ክፍተቶቹን ያጠብባል።

ታዲያ እስከ ትናንት በደህና ይወርድ የነበረ ውኃ ዛሬ በድንገት የሚያቁረው ስለ ምንድን ነው? ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፑዋዝዬና ጀርመናዊው መሐንዲስ ጎትሂልፍ ሃገን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ አንዳቸው ከሌላው ሳይገናኙ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፍን ፈሳሽ መርምረው ነበር። ያገኙት ሕግ እንደሚያሳየው፣ ፍሰቱ የማይናወጥ እስከሆነ ድረስ፣ በተወሰነ ጊዜ የሚያልፈው የፈሳሽ መጠን ከቱቦው ራዲየስ 4ኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ራዲየሱ በግማሽ ቢያንስ ፍሰቱ ወደ 1/16፣ ራዲየሱ ወደ 1/3 ቢያንስ ፍሰቱ ወደ 1/81 ይወርዳል። በፀጉር መካከል ያሉት ጠባብ ክፍተቶችም እንደነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ጥቂት ዝቃጭ ብዙ ውኃ የሚያግደው በዚህ ምክንያት ነው። የምሥራቹ ግን ሕጉ በተቃራኒውም መሥራቱ ነው፤ ክፍተቱን ጥቂት ማስፋት ፍሰቱን እጅግ ያሻሽላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ፀጉሩን ማውጣት ነው። ጓንት አጥልቆ የመውረጃውን ማጥለያ ማንሣት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦ ማስገባትና ጉንጉኑን ቀስ ብሎ መሳብ በቂ ሊሆን ይችላል።

ይህ ካልበቃ በእንጨት እጀታ ላይ የተገጠመውን የጎማ ኩባያ እንጠቀም። ያቆረው ውኃ ከቱቦው መውጫ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የሚገፋው ግፊት 1,000 ፓስካል ያህል ብቻ ነው። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በ100 ኒውተን ኃይል፣ ማለትም በ10 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል፣ ቢጫን ግን ከ12,000 ፓስካል በላይ ግፊት ይፈጥራል። ጎማው በውኃ መሸፈን ይኖርበታል፤ አየር በቀላሉ ስለሚታመቅ ኃይላችንን ያባክናል፣ ውኃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ግፊቱን ያስተላልፋል። ወደ ላይ መሳቡንም አንርሳ፤ መግፋት ብቻ ጉንጉኑን ይበልጥ ሊያጠብቀው ይችላል።

የፈላ ውኃ መድፋትስ? የፒቪሲ ቱቦ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ውኃ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ለብ ከማለት ጥቂት ያለፈ ሙቅ ውኃ ይበቃል።

ወደ ኬሚካሉ እንመለስ። ኮስቲክ ሶዳ ፀጉርን ይበላል፤ ነገር ግን በውኃ ሲሟሟ ከፍተኛ ሙቀት ያመነጫል፣ ቆዳንና ዓይንንም ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን መደረብ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 በቤልጂየም ኢፕር አጠገብ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው መርዝ ነው። በሩ በተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጋዙ የሚበተንበት ስፍራ የለውም። ስለሆነም በረኪና ከአሲድም ሆነ ከማናቸውም የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

የሻወሩ፣ የእጅ መታጠቢያውና የመጸዳጃው ውኃ በአንድነት ካቆረ፣ መዘጋቱ በዋናው ቱቦ ላይ ስለሚሆን የቧንቧ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ሻወሩ ብቻ ከሆነ ግን ሽቦና ጎማ በአብዛኛው ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ በመውረጃው አፍ ላይ ደቃቅ ወንፊት አስቀምጦ በየጊዜው ማጽዳት ችግሩ እንዳይመለስ ይረዳል።