በአንገት ላይ የቀረች ብር

ውድ አንባቢ፤ የበቆጂ ስም በተነሣ ቍጥር በአሳብዎ የሚመጣው በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ወርቅ እንደ ሆነ እናውቃለን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ ሜዳሊያ ያጠለቀችው ከዚሁ ከአርሲ ደጋ ተነሥታ ነው። ከእርስዋም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ያ ሜዳሊያ ወርቅ ይባል እንጂ ውስጡ ብር ነው፤ ወርቁ ከላይ የተለበጠ ነው። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ሜዳሊያውን በሚዛን አስቀምጦ በግራም ልግዛው ቢል ማን ይታገሠዋል?

ስለ ሌላ የአንገት ብር ልናጫውትዎ አስበን ነው ይህን ማንሣታችን። እናትዎ ወይም አያትዎ ለዓመት በዓልና ለሠርግ ብቻ ከሣጥን የሚያወጧት፣ በጫፏ ማንጠልጠያ የተበየደላት፣ የአንዲት ሴት መልክ የተቀረጸባት ክብ ብር በቤትዎ ትኖር ይሆናል። አንዱ ማርትሬዛ፣ ሌላው ጠገራ ብር ይላታል።

ይህች ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። አሥራ ስድስት ልጆች የወለደች እናት ስትሆን፣ ባልዋ በ1765 (እ.ኤ.አ.) ከሞተ ወዲህ እስክትሞት ድረስ የሐዘን ልብስ አልለወጠችም። በብሩ ላይ በራስዋ የሚታየው መሸፈኛም የመበለትነትዋ ምልክት ነው። እንግዲህ አያትዎ ያጠለቋት ጌጥ የአንዲት ባልዋን የቀበረች ሴት ሥዕል መሆንዋን ያስተውሉ። ጠርዝዋንም ዞር አድርገው ቢመለከቱ፣ በላቲን ቋንቋ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ቃል ያገኛሉ።

ብሪቱ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ገበያ የተወደደችው ስለዚህ ነው። ነጋዴው በመልክዋ ላይ ያለውን ሉል ሳይቀር እየቈጠረ፣ የተፋቀችውን እየመለሰ ይቀበላት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀርጸው ባመጡ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ የለመዳትን አልተወም። በ1889 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተጻፈባቸው የወርቅ ገንዘቦችም ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂቶች ስለ ነበሩ ብዙው ሰው በእጁ አልያዛቸውም። በተራው ሰው ሣጥን የቀረችው ማርትሬዛ ናት። ዛሬ የወረቀቱን ገንዘብ እንኳ «ብር» ብለን የምንጠራው ከማዕድኑ ስም የተነሣ መሆኑን ልብ ይሏል።

የኢትዮጵያ መንግሥት አዲሱን ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ካወጣ በኋላ ማርትሬዛ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣች። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ አንጥረኛው ቤት መግባትዋ አልቀረም፤ ስንትዋ ቀልጣ መስቀል፣ ድሪና አልቦ ሆናለች! በወሎና በሐረር በኩል ደግሞ ሴቶች ሳያቀልጡ በክር ደርድረው አንገታቸው ላይ ያስሯት ነበር።

አሁን ወደ ጕዳያችን እንመለስ። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ኪስዎ ሲሳሳ፣ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ ያቺ ብር ትዝ ትልዎት ይሆናል። አሰላ ወይም አዲስ አበባ ወዳለ ጌጣ ጌጥ ሻጭ ቢወስዷት የሚያገኙት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሚዛን አስቀምጦ የብሩን ዋጋ ይነግርዎታል። ሁለተኛው ዘመንዋን አይቶ «ይህች እኮ አዲስ ናት፤ አሮጌ አይደለችም» ይልዎታል።

ይህ ሁለተኛው ነገር እውነትነት አለው። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ከሞተች በኋላ ብሪቱ ያው ዘመን እንደ ተጻፈባት መቀረጽዋን አላቋረጠችም። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) መቅረጫውን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ስታስቀርጽ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ተቀርጻለች። ስለዚህ 1780 የሚለውን ብቻ አይቶ ዕድሜዋን ማወቅ አይቻልም። ማንጠልጠያ የተበየደባትን ደግሞ አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዋጋዋን ዝቅ ያደርጉታል።

እንግዲህ ሚዛኑም ሰብሳቢውም የማያውቁት ሦስተኛ ዋጋ አለ። ይኸውም ማን ለማን እንደ ሰጣት ነው። የጥሎሽ ነበረች? የገብስ ወይስ የበሬ ዋጋ ነበረች? ወይስ ከሟች እናት የተወረሰች? ማንጠልጠያው ለሰብሳቢው ጕድለት ቢሆንም፣ ለእርስዎ ግን ከገበያ ወጥታ ሰው አንገት ላይ የዋለችበት ምስክር ነው።

ውድ አንባቢ፤ እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት። በመሥሪያ ቤትዎ ለተራ ደብዳቤ እንኳ ቍጥርና ቀን ይሰጣሉ። በሚመጣው በዓል ወደ አገር ቤት ሲገቡ ከእናትዎ አጠገብ ይቀመጡና የብሪቱን ታሪክ ይጠይቋቸው። የሰጪውን ስም፣ የተቀባይዋን ስምና ዘመኑን በአንዲት ወረቀት ጽፈው ከብሪቱ ጋር በሣጥኑ ያኑሩት። ምናልባት ከዚያ በኋላም ችግር አስገድዶ መሸጥ ይመጣ ይሆናል፤ በዚህ ማንም አይፈርድብዎትም። ቢያንስ ግን የሚሸጡትን አውቀው ይሸጣሉ። እናት ካለፉ በኋላ ግን ሚዛን የሚነግርዎ 28 ግራም የሚለውን ብቻ ነው።