ሞተር የሚያሳድስ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት ምን ያስለካ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ የሚመላለስ የሞተር ጀልባም ሆነ ከፎገራ ሩዝ የሚጭን አይሱዙ፣ ሞተሩ ሲደክም ባለንብረቱ ሦስት ምርጫ አለው፤ አዲስ መግዛት፣ ያገለገለ ማስገጠም ወይም ያለውን ማሳደስ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር በማለፉ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ለብዙዎች ርቋል።

ጭስ ያየ ሁሉ ግን ሞተር አያስፈታም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በወደብ ከሚገኘው 80 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ፓምፑ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ይህ የፓምፕ ሥራ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ያኔ ኮምፕረሽን ይለካ።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ፋሻ ብቻ ቀይሮ በመግጠም ነው። ሲሊንደር ይበልጥ የሚበላው የላይኛው ፋሻ በሚመላለስበት አካባቢ ነው፤ ክቡ ሞላላ ይሆናል። አዲስ ፋሻ በሞላላ ሲሊንደር ውስጥ አይገጥምም፤ ዘይት መብላቱም ይቀጥላል። ስለዚህ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ከፋብሪካው ልክ ካለፈ ወደ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ፒስተኑ ሳይገዛ ግን ሲሊንደሩ አይሰፋ! ባለሙያው የሚያሰፋው በእጁ ባለው ፒስተን ልክ ነው፤ ገበያ ላይ ለማይገኝ ቁጥር ከሰፋ ንብረቱ ቆሞ ይቀራል፤ የቆመ ጀልባ ደግሞ ገቢ የለውም።

እንደ መስተዋት የሚያበራ ሲሊንደርም ለዓይን እንጂ ለሥራ አይሆንም፤ ዘይት የሚይዙ የተጠላለፉ ጭረቶች ያስፈልጉታል። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቤንዚን ብቻውን የሞረዱን ብናኝ አያወጣም። ለ100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የፋሻው ክፍተት በተለምዶ ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው።

በጀልባ በኩል ሌላ ጣጣ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና የተስፋፋው እምቦጭ የማቀዝቀዣውን ውኃ መሳቢያ ሲደፍን ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ቴስታታ ተላግቶ መሳቢያው ካልጸዳ ሥራው ከንቱ ነው። በናፍጣ ሞተር ብዙ ከተላገ ደግሞ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ካልገባ ቫልቩ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

ደላላው «ሞተሩ ታድሷል» ሲል ገዢው የልኬቱን ወረቀትና የፒስተኑን ቁጥር ይጠይቅ። አሳዳሹም አሮጌ ዕቃዎቹን ይቀበል፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሞተሩ በጭነት ተሞክሮ ዘይቱ እስኪለካ ድረስ ያቆይ።