ተረኛውና መዝገቡ

ቀበና የጥበቃ ሰፈር ነው። እንግሊዝ፣ ሩሲያ፣ ጣሊያንና ቤልጅየም ኤምባሲዎቻቸውን በዚሁ አካባቢ ተክለዋል። በመካከላቸው ያለው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የእርዳታ ድርጅትና ቪላ ሁሉ ደግሞ የየራሱ ጠባቂ አለው። ከአራት ኪሎ ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ ሰው በየበሩ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ያያል፤ አይቶም ያልፋል። ሥራው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን በር ከፋችና ዘጊ አድርገን ቆጥረነዋል።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚገባውን መለየት፣ የሚወጣውን ማየት፣ የሆነውን መጻፍ፣ አደጋ ሲመጣ ቶሎ ማሳወቅ። ጥበቃው በቀጥታ ወይም በኤጀንሲ ይቀጠራል፤ ተያዥ ያቀርባል፣ አሻራ ይሰጣል፤ መሣሪያ የሚይዝ ከሆነም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመለከተዋል። በ1983 ከተበተነው ጦር ብዙዎች የገቡት ወደዚህ ሙያ ነው። ዛሬም በዕድሜ የገፋ ተረኛ ካገኙ ቁጭ ብለው ያጫውቱት፤ የያኔውን የሰሜን ጦርነት ከበር ላይ ሆኖ ይተርክልዎታል።

ስለዚህ ሙያ ከሚነገረው ሁሉ የሚያናድደኝ «ጠንካራ ሰውና ጥሩ መሣሪያ ካለ ጥበቃው አለቀ» የሚለው ነው። የቀበና ታሪክ ራሱ ይህን አይደግፍም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያች ዕለት አንስቶ የጣሊያን ጦር እስከገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ አዲስ አበባ ያለ ባለቤት ቀረች። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ። ቀበና የሚገኘው የእንግሊዝ ለጋሲዮን (የያኔው ኤምባሲ) ከአንድ ሺህ በላይ የልዩ ልዩ አገር ሰዎችን አስጠለለ። ታሪኩን የሚያወራ ሁሉ ግቢውን ይጠብቁ የነበሩትን፣ ከህንድ የመጡትን የሲክ ወታደሮች ጠመንጃ ያነሳል። ጠመንጃው አልጠቀመም አልልም። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው ለመቀበል ያስቻለው አስቀድሞ የተሰናዳው ግቢ፣ አጥሩና ድንኳኑ ነው። (ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር በዚያው ሰሞን እዚያው ለጋሲዮን ውስጥ ሠርጉን ደግሷል። ግቢው ምን ያህል ተረጋግቶ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ የለም።)

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአሜሪካኖቹ ነገር ነው። የእነሱ ለጋሲዮን ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። ሚኒስትሩ ኮርኔሊየስ ኤንገርት ዘራፊዎች ሲበረቱባቸው እርዳታ መጠየቅ ፈለጉ፤ ነገር ግን ስልኩ አይሠራም፣ መንገዱም በጥይት ተዘግቷል። የቀራቸው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ብቻ ነበር። መልእክቱ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፣ ከዋሽንግተን ለንደን ደረሰ፣ ከለንደን ተመልሶ ቀበና ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ወታደሮቹ ከተማውን አቋርጠው የደረሱላቸው። ጠባቂም ጠመንጃም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር፤ የጠፋው የመገናኛ መስመር ነው።

ከ62 ዓመት በኋላ ናይሮቢ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 በሞይ ጎዳናና በኃይለ ሥላሴ ጎዳና መገናኛ ላይ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቦምብ የጫነ መኪና በኋላ በር መጣ። በሩ ላይ የነበሩት ኬንያውያን ጥበቃዎች ጠመንጃ አልነበራቸውም። ክፈቱ ሲባሉ አንከፍትም አሉ። አጥቂው የእጅ ቦምብ ሲወረውር አንደኛው ተረኛ ውስጥ ላሉት ሊያስጠነቅቅ ሞከረ፤ መስመሩ ግን ተይዞ ነበር። መኪናው ላይ የነበረው ቦምብ ፈንድቶ 213 ሰው ሞተ። መኪናው ሕንጻው ሥር ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት ነው። ከተጎዱት ብዙዎቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምተው ወደ መስኮት የሄዱ ናቸው፤ መስታወቱ ዓይናቸውን አጠፋው። እባካችሁ፣ ውጭ ሲንኳኳና ሲጮህ መስኮት ላይ አትሰቀሉ።

ያ ኤምባሲ መንገድ ዳር ተጣብቆ የተሠራ ነበር። አሜሪካኖቹ አዲስ ለሚሠሩት ሕንጻ ከአጥሩ 30 ሜትር ያህል ይራቅ የሚል ደንብ አላቸው። ቀበና ላይ ይህ ከጥንትም አለ። ከአድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ለውጭ መልእክተኞች ቦታ ሲሰጡ አልሰሰቱም፤ የእንግሊዝ ግቢ ዛሬም ከ30 ሄክታር በላይ ነው። ከበሩ እስከ ዋናው ቤት ያለው ርቀት ራሱ አጥር ነው። ዛሬ በ200 ካሬ ሜትር ላይ ፎቅ ሠርቶ ግንቡን በሽቦና በጠርሙስ ስባሪ የሚያስጌጥ ሰው ይህን ቢያይ ይቀናል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፦ ወደ መውጫው።

ጥበቃ ሌባን ከውጭ የሚመልስ ይመስለናል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ግን አጥር ዘሎ ከሚጠፋው ይልቅ በዋናው በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ደህና ዋላችሁ» ተብሎ የሚወጣው ይበዛል ባይ ነኝ። ስለዚህ ጥሩ ተረኛ ጀርባውን ለግቢው አይሰጥም። ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22፤ በሩን ሲያልፍ ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ይጠየቃል። ተረኛው ወረቀቱን ተቀብሎ በኪሱ ቢከተው ሥራ አልሠራም። ብዛቱን ከዕቃው ጋር ያመሳክራል፣ ፊርማውን አስቀድሞ ከተሰጠው የፊርማ ናሙና ጋር ያያል፣ የታርጋ ቁጥር ይጽፋል፣ ኮፒውን ያስቀራል። አሥር ወንበር ተብሎ አሥራ አንድ የተጫነ እንደሆነ መኪናው እዚያው ይቆማል።

ይሄኔ ነው «እኔን አታውቀኝም?» የሚለው የሚመጣው። አንድ ጊዜ እዚሁ ሰፈር አንድ ግቢ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ኃላፊ ቦርሳቸውን አላስፈትሽም አሉ። ሽማግሌው ተረኛ ከወንበሩ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ። ቦርሳውን ግን አላውቀውም» አላቸው። ሰውዬው ሳቁና ከፈቱ። የሚስቅ ኃላፊ ግን ሁሌ አይገኝም። አለቃ ያልተፈተሸበት በር ላይ ሹፌሩን መፈተሽ ከባድ ነው፤ ሹፌሩም ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የተናቀው ደግሞ የርክክብ መዝገቡ ነው። ፈረቃ ሲቀየር የሚፈረምበት ያ ዳር ዳሩ የተበላ ደብተር። ብዙ ቦታ ገጹ ሁሉ «ሰላም ነው» ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን መዝገብ ወረቀት ከማባከን አልለየውም። የማውቀው አንድ ተረኛ ግን፣ የድሮ ወታደር ነው፣ የሚጽፈው ሌላ ነው። «ከሌሊቱ 8፡20 የኋላ መብራት ጠፋ፤ የፊቱ አልጠፋም። 8፡35 በራ።» ሌላ ቀን፦ «ጅብ በወንዙ በኩል፤ ውሾቹ ጮኹ።» ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ ለቀበና ተረኛ ብርቅ አይደለም፤ እሱ ግን ይጽፈዋል። በዚያ መሥሪያ ቤት የጄኔሬተሩ ናፍጣ ያለ አገባቡ ማለቅ ሲጀምር ሁሉም ዓይኑን ወንዝ ዳር ወደሚኖሩ ሰዎች አዞረ። ሽማግሌው ደብተሩን ገለጠ። የኋላው መብራት ብቻውን የጠፋባቸው ሌሊቶች ሁሉ የአንድ ሰው ተራ ነበሩ። ፊውዙ ያለው ውስጥ፣ የቁልፉ ሣጥንም ያለው ውስጥ ነው። ካሜራ ነበራቸው፤ መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ጨለማ ነው የሚቀርጸው። ነገሩን የፈታው ሁለት ብር የማትሞላ መስመር ጽሑፍ ናት።

ስለዚህ ገቢ እንግዶች ሆይ፣ ስማችሁን በሚነበብ ጽሑፍ ጻፉ። «የምትሄዱበት ቢሮ» በሚለው አምድ ሥር «ውስጥ» ብሎ የጻፈ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የላፕቶፕ ሲሪያል ቁጥር ሲጠየቅ ፊት አታጥቁሩ፤ ሲገቡ ያላስመዘገቡት ኮምፒውተር ሲወጡ የእርስዎ መሆኑን የሚመሰክርልዎ የለም። እሳት ቢነሳ ደግሞ ስንት ሰው ውስጥ እንደቀረ የሚታወቀው ከዚያው ደብተር ነው፤ ስለዚህ ሲወጡም የመውጫ ሰዓቱን ያስሞሉ።

ለቀጣሪዎችም አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። ብዙ በር ላይ ግን 24 ሰዓት ቆሞ 48 ሰዓት ማረፍ እንደ ሕግ ተይዟል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያ ሰው ምን እንዲያይላችሁ ነው የምትጠብቁት? የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ ደግሞ ተረኛው ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ይዘጋል። የከሰል ጭስ ይሸታል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። «ከሰል ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ብቻ ብርዱን አያስቀረውም። ወፍራም ካፖርትና ቡት ጫማ ይግዙለት፣ ሙቅ ሻይ የሚይዝ ፔርሙዝ ይስጡት፤ የተረኛ ቤቱን ሲያሠሩም ከጣሪያው ሥር የማይዘጋ የአየር መውጫ እንዲኖረው ያድርጉ።