ባሕር ማዶ የሚሻገር ሥራና በእጅ የሚቀር ሙያ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትመጡ ያደረጋችሁት ጫማ የት አገር እንደ ተሰፋ ታውቃላችሁን? ጥያቄው ተራ ነገር ቢመስልም፤ የትልልቅ ኩባንያዎችን ትርፍ፤ የመንግሥታትን ገቢና የብዙ ሠራተኞችን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ በውስጡ አለ። ይኸውም ሥራን ከአንድ አገር አንሥቶ፤ ደመወዝ ወደሚረክስበት ወደ ሌላ አገር ማሻገር ነው።

የነገሩ መሠረት እንዲህ ነው። ጫማ ሠርቶ ለመሸጥ ቆዳ፤ የስፌት መኪና፤ ማጓጓዣና የሰው ጉልበት ያስፈልጋል። የቆዳውና የመኪናው ዋጋ ከአገር አገር ብዙ አይራራቅም፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን እጅግ ይለያያል። ስለዚህ ኩባንያው ንድፉንና ሽያጩን በአገሩ አስቀርቶ፤ ስፌቱን ወደ ባሕር ማዶ ይልካል። የአሜሪካው ናይክ ጫማውን በመጀመሪያ በጃፓን፤ ቀጥሎም በደቡብ ኮሪያና በታይዋን፤ ከዚያ በኋላ በቻይና፤ በኢንዶኔዥያና በቬትናም አሠርቷል። በዚህ አኳኋን ኩባንያው ያተርፋል፤ ገዢውም በርካሽ ይገዛል። ሥራው የተወሰደበት ሠራተኛ ግን ከነሙያው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ፤ እስቲ ወደ መርካቶ እንውረድ። በአዲስ ከተማ፤ ሸራ ተራ በሚባለው ሰፈር፤ ጫማ ሠሪዎች በየጠባቡ ክፍል ተሰብስበው ይሠራሉ። አንዱ ቆዳውን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ይሰፋል፤ ሦስተኛው ሶሉን በማስቲሽ ይለጥፋል። ሙያው በከተማችን የተስፋፋው፤ አርመናውያን ነጋዴዎች ባቋቋሟቸው ቀደምት ፋብሪካዎች የተማሩ ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን ሥራ ስለ ጀመሩ ነው። የተማረው ሌላውን እያስተማረ፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን በርካሽ የተሠራው የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። የሸራ ተራን ሥራ ማንም በመርከብ ጭኖ አልወሰደውም፤ ነገር ግን ገዢው ሲሄድ ሥራው አብሮ ሄደ። በዚያው ዘመን በ96 ጥቃቅን፤ አነስተኛና መካከለኛ የጫማ አምራቾች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፤ ከመቶው 28ቱ ለኪሳራ ተዳርገዋል፤ 32ቱም ሥራቸውን ለመቀነስ ተገድደዋል። ቢሆንም የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የመጣውን ጫማ ቅርጽ አጠኑ፤ ስፌታቸውን አሻሻሉ፤ በአገር ቆዳ ጥንካሬም ተመኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙው ገዢ ወደ እነርሱ ተመለሰ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። በቻይና የሠራተኛው ደመወዝ እያደገ ስለ ሄደ፤ ሥራው ራሱ ወደ እኛ አገር ተሻገረ። ኹዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. በዱከም ለውጭ ገበያ የሚሆን ጫማ መሥራት ጀመረ። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር በተባሉት ስሞች ልብስ የሚሸጠው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ኩባንያም ገባበት። አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከኢትዮጵያ የሚላከው ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበርና፤ ይህ አንዱ ማባበያ ነበር።

ሁለተኛው ማባበያ የደመወዙ ማነስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፤ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሲሆን፤ በባንግላዴሽ 95፤ በቻይና 326 ዶላር ነበር። ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ደመወዝ መቀበላቸው ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ስላልበቃ፤ ብዙዎቹ ሥራውን እየተዉ ሄዱ። ኩባንያዎቹም በርካሽ የቀጠሩትን ሠራተኛ በየጊዜው እንደ ገና ማስተማር ግድ ሆነባቸው፤ ርካሹም በዚያው መጠን ተወደደባቸው። ጨርቁም በብዛት ከውጭ ይመጣ ስለ ነበር፤ ከሥራው በአገር ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ያችው ደመወዝ ነበረች።

በሰሜን የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት ጊዜ ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጣች። በፓርኩ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች፤ በማያውቁት ውሳኔ እንጀራቸውን አጡ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በሐዋሳ ንድፉም፤ ጨርቁም፤ ገዢውም ከውጭ ነበርና፤ ባለቤቱ ሲነሣ ሥራው አብሮት ተነሣ። በሸራ ተራ ግን ጫማ ሠሪው ቆዳውን ራሱ መርጦ ይገዛል፤ ቅርጹን ራሱ ያወጣል፤ ገዢውም ከጎኑ ነው። ስለዚህ ችግር ጎዳው እንጂ ነቅሎ አልወሰደውም።

ይህን ማለታችን የውጭውን ፋብሪካ እናባርር ለማለት አይደለም። ታይዋን ለሌሎች ጫማ በመስፋት ጀመረች፤ ሙያውን ግን ለራሷ አደረገችው። በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የታይዋኑ ፓው ቼን ዛሬ ቬትናምን በመሰሉ አገሮች የራሱን ፋብሪካዎች ከፍቶ፤ ለታላላቅ የጫማ ስሞች ይሠራል። የተሻገረው ሥራ እዚያ ትምህርት ቤት ሆነ።

ከእናንተም መካከል የፈቃድና የውል መዝገብ በእጁ የሚያልፍ ብዙ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፋብሪካው ነገ ቢሄድ ሠራተኛው ምን ሙያ ይዞ ይቀራል? ቆዳው፤ ክሩና አዝራሩ ምን ያህሉ ከአገር ይገዛል? ደመወዙስ ኪራይና ቀለብ ይችላልን? በተለይ ስለ ሦስተኛው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድን ማንሣቱን መዘንጋት አይገባም።

አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ። የሰው ፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ የእኛ የሚሆነው በእጃችን ያስቀረው ሙያ ብቻ ነው።