ኮምፒውተሩ አልነሳም ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም

ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ አውጥቶ ድርቅ ብሎባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ያውም የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊ ሆኜ፣ የክበቡን ሥራ ሁሉ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አከማችቼ በነበረበት ጊዜ ነው።

ክበባችን የጥያቄ ሳጥን ነበረው። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የሚያስጨንቀውን ጽፎ ይከታል፤ እኛ ከጤና ጣቢያ የምትመጣውን ሲስተር አማክረን መልሱን በሚኒ ሚዲያ እናነባለን። የእጅ ጽሑፍ ሰውን ያሳብቃል ብለን ስለምንፈራ ጥያቄውን በኮምፒውተር ገልብጠን ወረቀቱን እናቃጥለዋለን። በዚያ ሳምንት ከደረሱን መካከል አንዱ ከልደቱ ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ካለ ተማሪ የመጣ ነበር። ከገጠር ቤተሰቦቹ ርቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ሊከራይ ነው፤ መድኃኒቱን በአንዲት ክፍል ውስጥ እንዴት አድርጎ እንደሚወስድ ዝርዝር ጥያቄዎች ጠይቋል። ደብዳቤውን ገልብጬ፣ ወረቀቱን አቃጥዬ፣ ሌላ ሥራ ስሠራ መብራት ድርግም አለ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልነሳም። ስም የሌለውን ሰው ደግሞ "እባክህ ድገምልን" ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ሲፒዩውን ተሸክመን ጥገና ቤት ሄድን። ልጁ ገና ከመክፈቱ "ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንላችሁ" አለን። እኛ አገር የተበላሸ ኮምፒውተር ሁሉ፣ ሳይመረመር፣ ቫይረስ ነው። (የፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊ ሆኜ ይህቺ "ሳይመረመር" እዚያው ልትከነክነኝ ይገባ ነበር።) ልንስማማ ስንል ገንዘብ አነሰንና ተመለስን። ድህነታችን አዳነን ማለት ነው። የአይ ሲ ቲ መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ "እናንተ ልጆች፣ በሉ ማንም እንዳይነካው!" አሉ።

ቲቸር ያስረዱን እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም፣ ባዮስ የምትባለው፣ ሜሞሪውንና ሌላውን ዕቃ ትፈትሻለች። ቀጥላ ሃርድ ዲስኩን ፈልጋ የመጀመሪያዋን ክፍል ታነባለች። በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ይህቺ ክፍል 512 ባይት ብቻ ናት፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ እንደማለት። ዊንዶውስ የት እንዳለ የምትጠቁመው እሷ ነች። አዳዲሶቹ ደግሞ ለዚሁ የተለየች ትንሽ ክፍል አላቸው። ከዚህ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ፋይሎቹ ግን ባሉበት ይቀመጣሉ። የመጽሐፍ ማውጫ ቢቀደድ ምዕራፎቹ አብረው ይቀደዳሉ እንዴ? ፎርማት ማድረግና አዲስ ዊንዶውስ መጫን ግን በምዕራፎቹ ላይ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ነው። የተጻፈበት አይመለስም።

ቲቸር መጀመሪያ ያደረጉት ጆሯቸውን ወደ ሲፒዩው ማስጠጋት ነበር። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የምታነበው ራስ ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ ከዚያ በሺዎች ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉ። ራሷ ሳህኑን እየፋቀች ሊሆን ይችላል፤ ያ የባለሙያ ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም። በፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት የሚላችሁንም አትስሙ፤ እርጥበት ይገባበታል። ከፍታችሁ ልይ አትበሉ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች።

የእኛው ደህና ይሽከረከር ነበር። ባዮስ ውስጥ ሲታይም ስሙ አለ። ባይኖር ኖሮ ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይቀድም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚያ ያልቃል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪም ስታልቅ ቀኑና የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ይዛባል፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ቦታ እየፈለገ "የለም" ይላል።

ከዚያ ቲቸር ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ሰክተው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱት። "ልሞክር" እና "ልጫን" የሚል ምርጫ ይመጣል፤ "ልጫን" የምትለውን የነካ አለቀለት። ዲስኩ ተከፈተ! የድራማዎቻችን ፎልደሮች ሲታዩ እልል ልንል ደርሰን ነበር። የጥያቄዎቹ ፎልደር ጋ ስንደርስ ግን ቆመ። ዲስኩ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች አሉ ማለት ነው። ቲቸር ወዲያው ሥራውን አቋረጡ። በታመመ ዲስክ ላይ ደጋግሞ መሞከር ያባብሰዋል፤ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን አውጥቶ በቅጂው ላይ መሥራት ይሻላል አሉ።

ለዚህ የተጠቀሙበት ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ይገለብጣል፣ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ ተመልሶ ይሞክራል፣ የት እንደደረሰም በአንዲት ፋይል ይመዘግባል። ቅጂውም ምዝገባዋም ከታመመው በሚበልጥ ሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ከየት ወደ የት እንደሚገለበጥ ትእዛዙ ሲጻፍ ቲቸር ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ቢገላበጥ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል። ሌሊት መብራት ሄደ፣ አይቀሬ ነው። ጠዋት ሲመጣ ግን ምዝገባዋ ስላለች ከቆመበት ቀጠለ።

ቅጂው ሲከፈት ከጥያቄዎቹ ፎልደር በቀር ሁሉም ተገኘ። የቀረውን ፎቶሬክ በተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ፈለግነው። ይህኛው ማውጫውን ትቶ ገጽ በገጽ ያስሳል፤ ያገኘውን ግን ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። ስምንት መቶ ምናምን ፋይል ወጣ። ጓደኞቼ እናግዝህ ቢሉም ቲቸር "ምስጢሩ የተሰጠው ለማን ነው?" ብለው አስወጧቸው። ብቻዬን አንድ በአንድ ስከፍት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደብዳቤው ተገኘ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ተቆርጧል እንጂ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ ሁሉ ፋይል ከተገኘ ለሌላ ሰውም ይገኛል። "ዲሌት" ያደረግነው የድሮ ደብዳቤ ሁሉ ሳይቀር ብቅ ብሎ ነበር። ጥገና ቤት ስትሄዱ አጠገቡ ቁሙ፤ አሮጌ ዲስክም እንዲሁ አትሽጡ። በአንጻሩ መቆለፊያ የበራበት አዲስ ላፕቶፕ ሲበላሽ ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር ከሌላችሁ ኡቡንቱም አያዋጣችሁም፤ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት። ሳህን በሌላቸው ኤስ ኤስ ዲዎች ላይ ደግሞ የተሰረዘ ፋይል የመመለሱ ዕድል በጣም ያነሰ ነው።

አርብ በረፍት ሰዓት የሲስተር መልስ ተነበበ። ሰዓቱን ሳያዛንፍ ለመውሰድ የሞባይል ደወል መሙላት እንደሚችል፣ አቀማመጡን ከክትትል ክፍሉ ጋር እንዲነጋገርበት፣ ለጓደኞቹ መንገር አለመንገሩ ደግሞ የራሱ ውሳኔ ብቻ እንደሆነ። ማን እንደሰማው አላውቅም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሳጥን ውስጥ ግን "አመሰግናለሁ" የሚል ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። እሱንም አቃጠልኩት።

አሮጌውን ዲስክ ቲቸር ሙሉ በሙሉ በዜሮ ጻፉበት፤ የማይነበቡት ቦታዎች ላይ የቀረ ካለ ብለው ደግሞ ፈታተው ሳህኑን በምስማር ጭረው ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጭረቱ ሳይበዛበት የቀረው ጥግ እንደ መስታወት ስለሚያበራ ተማሪው ሁሉ ፀጉሩን ያበጥርበታል።